የፈረሰኛ እግር

ቆሰበር
የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሸጋው፣
አስመራ

ሸጋዬ፣ ጥይቱም ብርዱም ካንተ ይራቅ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን አዝመራው ግን ደህና አልነበረም፤ ለዚህ ያበቃችውም እናትህ ናት። ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፍልህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እንደምታውቀው፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እኔ በጠዋት ለችግኝ ጣቢያው ሥራ እወጣለሁ፤ ልጁ ከእናትህ ጋር ይውላል። እሷ ደግሞ ዓይን ይበላዋል፣ ምች ይመታዋል ብላ ጓዳ ዘግታበት ትውላለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ፀሐይ የሚባል አላየም ብል አላበልኩም። ማታ ሳቅፈው ራሱ በላብ ይርሳል። የእጁ አንጓ አብጧል፤ ደግፌ ሳቆመው እግሩ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። “እማማ፣ ይህ ልጅ ምን ሆነብን?” ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

“የፈረሰኛ ዘር እኮ ነው! የአያቱም የአባቱም እግር እንዲህ ነው። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ታዪዋለሽ!” አለችና እልል አለች። ጎረቤቱም ተቀብሎ እልል አለ።

ልጁ ጭራሽ መሄድ ሲያቅተው አዝዬ ዳንግላ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የኋላሸት የሚባል ድሬሰር እግሩን ዳብሶ፣ “ፀሐይ ይሞቃል?” አለኝ። የለም አልኩት። “አጥንቱ የለሰለሰው በዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቀሽ ፀሐይ አሙቂው። ገና ልጅ ነው፣ ይቃናል” ብሎ የዓሣ ዘይት ሰጠኝ። አውቶቡሱ ላይ መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ መጣሁ።

ቤት ውስጥ ብነግራት እዚያው ታዳፍነዋለች። ስለዚህ የጊዮርጊስን ዕለት ጠበቅኩ። ፈረሰኞቹ ለጉግስ ወጥተው፣ አገሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ፣ እናትህ እንደ ልማዷ ከሴቶቹ መሐል ስለ ዘሯ ታወራለች። ልጁን ራቁቱን ከፊቷ አቆምኩት።

“እዩት! ይህ የፈረሰኛ እግር አይደለም፤ ጓዳ ያጎበጠው እግር ነው። የባሌንም ያጎበጠችው እሷው ናት!” አልኩ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እናትህ በቀስታ፣ “ከሸጋው በፊት የወለድኳቸውን ዓይን ፈጅቶብኝ እኮ ነው፣ ልጄ” አለች። አላዘንኩላትም።

ያንገበገበኝን ገና አልተናገርኩም ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ስትመለመል የመረመረህ ሐኪም እግርህን አይቶ፣ “ይህ ሰው ሕመምተኛ ነው እንዴ?” አላለም? “ምን ሲደረግ! የፈረሰኛ ዘር ነው እንጂ!” ብላ ደረቷን የነፋችው ማን ናት?

“ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ ልጅሽ ዛሬ እዚህ በነበረ” አልኳት።

ጉግሱ ሳያልቅ ተነሥታ ብቻዋን ሄደች። ብድሬን መለስኩ፤ ደስም ብሎኛል፣ አልዋሽህም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ልጁን ደጅ አውጥታ ፀሐይ የምታሞቀው እሷ ናት። እኔ አላዘዝኳትም። መንገደኛ ሲያልፍ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች እንጂ አትሸፍነውም። ትናንት አዝመራው ግድግዳውን ይዞ ቆመ። እግሩም ትንሽ የተቃና መሰለኝ።

አንተ ብቻ በሕይወት ና። ጊዮርጊስ በፈረሱ ይከተልህ፤ የልጅህን እርምጃ ለማየት ያብቃህ።

እናትህ፣ “እግሩን እስማለሁ፣ ይቅር ይበለኝ ብለሽ ጻፊልኝ” ብላ ስትለምነኝ ሰነበተች። አልጽፍም ብያታለሁ።

ባለቤትህ ማናየሽ