እንከን የማይወጣለት ካርታ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ አክስቴ ስለሆነች አስቀድሜ ለእሷ አንድ ነገር ልበል። አክስቴ፣ ወንድምሽ «እሱን ዝለዪው» ባለሽ ቁጥር እንዳትዘልይ። አዝነሽለትም ንግግሬን እንዳታለሳልሺ። እንደጻፍኩት አንብቢው።

አባዬ፣ ተናድጄብሃለሁ። የጤናውን ሰላምታ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ አልችልም።

ሐኪሙ የዓይንህ ሞራ ቶሎ ካልተነሣ ዓይንህ ጨርሶ እንደሚጠፋ ፊት ለፊት ነገረህ። እኔ ለመንኩህ፣ አክስቴ አለቀሰች፣ አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ከዚያ እኔ ወደዚህ አገር ለሥራ ልመጣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ በር ላይ ቆመህ፣ «ልጄ መፍቻ፣ እዚያ አገሬው ራሱ የሚጫወትበትን ካርታ፣ እንከን የማላወጣለትን፣ ካገኘሽልኝ ሆስፒታል እገባለሁ» አልከኝ። ሰው በገዛ ዓይኑ ይደራደራል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚሉት እኔም እሺ አልኩ። እንደማላገኝ ተማምነህ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ዕድሜህን ሙሉ የሰው ሻንጣ ስትጠግን ኖረህ አንድ ቀን እንኳ ከአገር አልወጣህም። ዚፕ የቀየርክለት፣ ጎማ የገጠምክለት መንገደኛ ሁሉ ግን ከሄደበት ካርታ ይዞልህ ይመጣ ነበር። ቁም ሳጥናችን ውስጥ ከእናቴ ቀሚስ ይልቅ የአንተ ካርታ ይበዛ ነበር። ሌላው ልጅ ተረት ሲነገረው አንተ ለእኔ የማናውቃቸውን ነገሥታት ፊት እያሳየኸኝ፣ «ይሄኛው እንቅልፍ የለውም፤ ይቺ ደግሞ ባሏን ታማለች» ትለኝ ነበር። ባለፈው በዓል የንግሥቲቱን ካርታ ይዘህ ስለ ንጉሡ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ዓይንህ እንዳልለያት ያኔ ገባኝ።

እዚህ የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያሳርፈናል። ያንን ቀን ለካርታህ ገበርኩት። መጀመሪያ የሱቆቹን ሰማያዊ ጀርባ ካርታ ገዛሁ። በስልክ ስነግርህ፣ «እሱማ እኛ ሰፈር ሱቅም አለ» አልክ። ቀጥሎ ሕንፃና ፏፏቴ የታተመበት አገኘሁ። «ለእንግዳ የተሠራ ነው። በእሱ ተጫውቶ የተኳረፈ ሰው የለም» አልክ። ሦስተኛው ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር፣ ማሸጊያው እንኳ ያልተቀደደ። አሁን ምን ይለኛል ብዬ ደወልኩ። «ያልተከፈተ ካርታ ምኑ ካርታ ነው?» አልክና ሳቅክ። ተረከዜ ተልጦ፣ አውቶቡስ አምልጦኝ፣ ዝናብ ደብድቦኝ፣ አንተ ትስቃለህ። ስልኩን ዘግቼ መንገድ ዳር አለቀስኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

እና ታውቃለህ፣ ካርታው የነበረው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ ከተቆለሉበት ጀርባ ነው። በምሳ ሰዓት የተበላሸ የስፌት መኪና እየጠገንኩ «በውዘው፣ በውዘው!» ሲባል ሰማሁ። ሄጄ ሳይ አራት ሠራተኞች ካርቶን ከበው ይጫወታሉ። ካርታው ላይ ዓሣ፣ መሰላል፣ መዶሻና ማሰሮ ተሥሏል። ንግሥት የለ፣ ጆከር የለ። እንዲህ ያለ ካርታ ከአንተ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የካርታው ባለቤት የልብስ ቁልፍ በመጠን በመጠኑ የሚለዩ አሮጊት ናቸው። ቀድሞ ጨርቅ ቆራጭ ስለነበሩ እማማ መቀስ ይሏቸዋል። ቋንቋቸውን እየተንተባተብኩም ቢሆን እሞክረዋለሁ፤ ሽጡልኝ አልኳቸው።

«አይሸጥም» አሉኝ።

«እጥፍ እከፍላለሁ።»

«ልጄ፣ አንቺ ካርታውን ከወሰድሽ እኛ በምን እንጫወት? በገንዘቡ?»

ሌሎቹ ሳቁ። በማግስቱ ያንን የሱቅ ካርታ ይዤ በዚህ ለውጡልኝ ብዬ ቀረብኩ። እማማ መቀስ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ይሄ ዲዳ ነው» ብለው መለሱልኝ። እልህ ይዞኝ የእነሱን ካርታ አንሥቼ አየሁት። ጠርዙ ሁሉ በምላጭ ተጭሯል! አንተ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ፤ የተጫረ ካርታ የሌባ ካርታ ነው። ንዴቴም ስለነበረ አፌን አልያዝኩትም።

«ይሄማ ምልክት አለበት። እየተጭበረበራችሁ ነው» አልኩ።

እማማ መቀስ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ለብሰዋል።

«ለእኔ ነው የተጫረው፤ በአውራ ጣቴ ነው የማነበው» አሉ።

«ታዲያ ሌሎቹስ ምልክቱን አያዩም?»

አጠገባቸው የተቀመጠው ልብስ ተኳሽ ነው የመለሰልኝ። «ጠርዙን ማየት እዚህ ነውር ነው። ካርታ የያዘ ሰው ጠርዙን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ሌላውም ዓይኑን ከጠርዙ ላይ ያነሣል።»

አባዬ፣ በዚያች ቅጽበት ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ መጣብኝ። ይህን ካርታ ብትይዘው እንከን አታወጣለትም። ግን አንተን አውቅሃለሁ። ጭረቱን በአውራ ጣትህ አንድ ሳምንት ትለማመድና «ይኸው፣ ያለ ዓይንም መጫወት ይቻላል» ብለህ ሆስፒታሉን እርግፍ አድርገህ ትተወዋለህ። ይህን ያህል የለፋሁበት ካርታ ማምለጫህ ሊሆን ነው። ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አልኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ሻንጣውን፣ ድርድሩን፣ ግትርነትህን።

እማማ መቀስ ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «እኔም እንደሱ ነበርኩ። ፈርቼ እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ በእጄ ሁሉን አውቃለሁ እያልኩ ኮራሁ» አሉ። «ካርታውን ሲጭሩልኝማ ጭራሽ ደስ አለኝ። ሐኪም ቤት የደረስኩት ካለፈ በኋላ ነው። አባትሽ ካርታ አይደለም የፈለገው፤ ጊዜ ነው የሚገዛው።»

በሚቀጥለው ቀን ካርታውን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው ሰጡኝ። እነሱ ሌላ ይጭራሉ። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መልሰው አጠፉት። ከመሀሉ ግን አንዷን ካርታ ለይተው ከላይ አደረጉልኝ። በጠፋች ካርታ ምትክ፣ ዓይናቸው ገና ሲያይ በእጃቸው የሣሏት ናት። እሷ ላይ ብቻ ጭረት የለም። «ይቺን ብቻ ላኪለት» አሉኝ።

ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ አባዬ። ፍርሃት አያሳፍርም፤ እኔም ስላንተ እየፈራሁ ነው ይህን ሁሉ የምቆጣው። አሁን ግን ቃልህን ጠብቅ። ካርታው ተገኝቷል፣ አገሬው ተጫውቶበታል፣ ተኳርፎበታልም። የቀረው እሽግ እኔ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ፋሻው ከዓይንህ ላይ በተነሣ ቀን አልጋህ ላይ እዘረጋልሃለሁ። እስከዚያ ይቺ አንዷ አንተ ጋ ትቆይ። በአውራ ጣትህ ብትዳብሳት፣ ብታሸታት፣ ምንም አትነግርህም። ምን እንደተሣለባት የምትነግረኝ አንተ ነህ፤ በዓይንህ አይተህ።

ልጅህ መፍቻ

አክስቴ፣ ጨርሻለሁ። ካርታዋ ፖስታው ውስጥ አለች። በእጁ ስጪውና ምንም ቢለምንሽ ዝም በዪ።