ዘምዘም የጠጣችው ኒም

ግርማዬ፣ የእኔ ዝምተኛ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። በአንተ እምነት ከሆነ እስካሁን ተመልሰህ ተወልደህ ይሆናል። ጅዳ ከሆነ የተወለድከው፣ በዚህ ሙቀት በቀን ከቤት አትውጣ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አገር ቤት ደርግ አለ፤ አብዮቱም ሬዲዮው እንደሚለው አሁንም ወሳኝ ምዕራፍ ላይ ነው። በኒ ማሊክ ሰፈር ያለው ክፍላችንም እንደነበረ ነው። አንተ «ነፍስ ናት» እያልክ በወረቀት ተሸክመህ ደጅ የምታደርሳቸው፣ ካንተ ቀድመው ቤት የሚገቡት በረሮዎችም ደህና ናቸው። አሁን እኔ አደርሳቸዋለሁ። ወድጄ አይደለም።

ፋርማሲው ውስጥ አብሮህ የሚሠራው ስሪላንካዊ ቡድሂዝምን ሲያስተምርህ፣ ሳይንቀሳቀሱ ለሰዓታት መቀመጡ አልከበደህም። አዲስ አበባ ሳለን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተለማምደኸው ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ወገቡን አሞት ነው እል ነበር።

ዋናው ወሬ ግን የግቢዋ የኒም ዛፍ ናት፤ ከሙከይፉ፣ ከማቀዝቀዣው፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጣሳ እያጠራቀምክ ያሳደግሃት። ባለፈው ሰሞን የአከራያችን የሐጃ ሩቅያ ልጅ መኪና ማቆሚያ ልሥራ ብሎ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ለመንኩት። «ኻላስ፣ ዛፍ እኮ ነው» አለኝ። ከአንተ የቀረኝ፣ ቆሞ የሚታይ ነገር እሷ ብቻ መሆኗን እንዴት ላስረዳው?

ደግነቱ ሐጃም ከመካ አብረውት መጥተው መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሐጅ ወቅት፣ መካ ዓዚዚያ ሰፈር እሳቸው ቤት ያረፉት ሐጃጆች ሲያስሉ፣ የሳል ሽሮፕ ትልክላቸው እንደነበር ትዝ አለኝ። ሙስሊም ስላልሆንክ መካ አትገባም፤ መንገዱ እስከሚለያይበት ድረስ ነድተህ ለዚሁ ልጃቸው ታስረክባለህ። «ጠርሙሱ ይመለስ፤ በረሃው የቆሻሻ ገንዳ አይደለም» ሳትለው አትመለስም። የሐጃ ወላጆች ወሎዬ ናቸውና፣ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብለው ጠርሙሱን ሁሉ ዘምዘም፣ የመካውን የተባረከ ውሃ፣ ሞልተው ይሰዱልህ ጀመር። አንተም አንድ ጉንጭ በአክብሮት ትጠጣና የቀረውን ለኒሟ ትሰጣታለህ። በየዓመቱ።

ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሐጃ ከመኪናው ወረዱ፣ ግንዱን ዳሰሱና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያላ፣ መጥረቢያህን ወዲያ በል። ወላሂ፣ ይቺ ዛፍ ካንተ የበለጠ ዘምዘም ጠጥታለች።»

ከዚያ እኔን «ለመሆኑ ባልሽ ሃይማኖቱ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነበር» አልኳቸው።

«ይሁና። እኔን ያታከቱኝ የሚያወሩት ናቸው» አሉ።

መኪናው አሁን የሚቆመው ከኒሟ ጥላ ሥር ነው። ልጁም ጥላውን ላየው ሰው ሁሉ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ያወራል። ተወው፤ አንተም ብትሆን ትተወው ነበር።

ዘንድሮም ስሪላንካዊው ወዳጅህ ሽሮፑን እስከ መንገዱ መለያያ ያደርሳል። ጠርሙሱ ይመለስ ብሎ መነዝነዝ የእኔ ድርሻ ነው፤ የተመለሰውም ለኒሟ ነው። እኔ እስካለሁ ይህ አይቋረጥም።

አንተም ተመልሰህ ከሆነ ጥላው ሥር ና። በረሮ ሆነህ የመጣህ እንደሆነም ግድ የለም። በወረቀት ተሸክሜ ደጅ አደርስሃለሁ፤ መመለሱን ታውቅበታለህ።

ያንተው አስቴር