ቀላሉ ፎም ወይስ የድሮው?

ማርች 9

ዛሬም ወርክሾፑን ጠረግኩ። የፎም ብናኝ ከፀጉሬ አልወጣ አለ... ነፋስ ስለነበር ወደ ባሕሩ የወረደ የለም።

አያቴ ፎም ሲልግ ቆይቶ ድንገት፣ መላጊያውን ሳያጠፋ፣ ጮኸ። "አሥራ ስድስት ሊሞላሽ ነው! ተራሽ ደረሰ። ምን ዓይነት ላድርግልሽ?"

ለልጅ ልጆቹ አንዳንድ የማዕበል ሰሌዳ፣ ባሕር ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን፣ ይሠራል፣ አሥራ ስድስት ሲሞላቸው፣ በልካቸው። አንድ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ደንበኛ ወረፋ መያዝ ነው።

"ያልከው ይሁን፣ አባባ" አልኩት።

ለምን ሁሌ እንዲህ እላለሁ?

ማርች 14

የአክስቴ ልጅ ጄዳ መጣች፣ ሰሌዳዋን ይዛ። የሷ ከቀላሉ ፎም ነው የተሠራው፣ ቴሌቪዥን በሚታሸግበት ዓይነት፣ ጠንከር ያለ ሲሆን። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አሳየችን።

"አባባ፣ ለማርኒ ያንን የድሮ ፎምህን ልታሸክማት ነው? የመቃብር ድንጋይ እኮ ነው!"

"አንቺ ዝም በይ። እናትሽ በሱ ነው ያደገችው።"

"ወገቧን የሚያማት ለዚያ ነዋ!"

ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንቺስ? ቀላሉ ይሻልሻል?"

ሁለቱም አዩኝ። እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ጄዳ ዘላ አቀፈችኝ።

አልፈልገውም። የሷን ባለፈው ወር ሞክሬዋለሁ። ነፋስ ሲነሳ ውሃው ላይ እንደ ቡሽ ይዘላል። የድሮው ከበድ ይላል፣ ግን ሸካራውን ውሃ ረግጦ ያልፋል። ዝም ይላል። ዝም የሚል ነገር ደስ ይለኛል...

ማርች 22

አያቴ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሄዶ ቀላሉን ፎም ገዝቶ መጣ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰድበው የኖረውን ፎም! ፎሙ ላይ ፈስሶ የሚያጠነክረው ሙጫም የብቻው ነው። የድሮው ሙጫ ከነካው ይበላዋል። መነጽሩን አድርጎ መመሪያውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ።

አሁን እንዴት ብዬ ልንገረው?

ማርች 23

ልነግረው ገባሁ።

"አባባ..."

"ምነው?"

"ሻይ ላፍላልህ?"

አፈላሁ።

ማርች 29

ላገው። ቅርጹ ያምራል። ፎሙ ግን እየተፈረፈረ፣ እንደ ጥራጥሬ እየዘለለ አስቸገረው። ሊሳደብ አፉን ከፈተና እኔን ሲያይ ዋጠው። "እለምደዋለሁ" አለ።

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ አብሬው የምውለው ሰው እሱ ነው። እሱን እንኳ እውነት መናገር ካቃተኝ...

ኤፕሪል 5

ዛሬ ሙጫ የሚፈስበት ቀን ነበር። ራዲዮው ላይ ራግቢ፣ የኛ ቡድን እየተሸነፈ። አያቴ ከራዲዮው ጋር እየተጣላ ሙጫውን ቀዳ፣ ሰሌዳው ላይ በተዘረጋው የፋይበር ጨርቅ ላይ አፈሰሰ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጨርቁ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ፎሙ ከስሩ እየሟሟ ነው! ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር...

በእጁ ያለውን ባልዲ አየ። በርሜሎቹን አየ። ከድሮው ሙጫ ነው የቀዳው። እጁ በለመደው ሄዶ።

ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠ። "አረጀሁ፣ ማርኒ። ሰኞ ሄጄ ሌላ እገዛልሻለሁ።"

ደስ አለኝ። እሱ እንዲያ ሆኖ እኔ ደስ አለኝ! አፈርኩ። ከዚያ ከአፌ ወጣ።

"አትግዛ። አልፈለግኩትም። ከመጀመሪያውም የድሮውን ነበር የምፈልገው።"

"ታዲያ ስጠይቅሽ?"

"እያያችሁኝ ነበራ..."

"ሁለት ሰዓት ነድቼ፣ ማርኒ! መመሪያውን በሦስት ቋንቋ አንብቤ!"

"አውቃለሁ።"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው።

"አንቺ ልጅ! እኔ እኮ ያንን ነገር በነካሁት ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል!"

ኤፕሪል 6

የድሮ ፎሞቹን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዶ ደረደራቸው። "ዛሬ እኔ አፌን አልከፍትም" አለ። አንድ በአንድ አነሳኋቸው። የኔ ሦስተኛው ነው።

ኤፕሪል 10

ጄዳ ሰምታ ደወለች። "ድንጋይሽን ተሸክመሽ እንገናኝ!" አለችኝ። "እሺ፣ አንቺም ቡሽሽን ይዘሽ ነይ" አልኳት። "አንቺ ነሽ ይህን ያልሽው?" አለች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

ኤፕሪል 19

መላጉ አለቀ። ነገ ሙጫ ነው። ከዚያ በፊት ልኩ በእርሳስ ፎሙ ላይ ይጻፋል፣ ከጨርቁ ስር ለሁልጊዜ ይቀራል። አያቴ ጎንበስ ብሎ "ስድስት ጫማ ከአንድ ኢንች" ብሎ ጻፈ።

"ከሁለት ነው" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ስድስት ጫማ ከሁለት።"

"እመቤቴ፣ እኔ መለካት የጀመርኩት እናትሽ ሳትወለድ ነው።"

"እስቲ ለካው።"

ለካ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ለካ። ከዚያ እርሳሱን ዘረጋልኝ። "በይ ጻፊ፣ አለቃ።"

የሱን አጥፍቼ ጻፍኩ።

"በኋላ ከበደኝ ብለሽ እንዳታማርሪ" አለ።

"ካማረርኩ ትሰማለህ" አልኩት።