በሰሜኑ ወንበርና በአባባ መሃል

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26። ጠዋት

የአባባን ደም ግፊት ለካሁ። ደህና ነው። ኪኒን ሰጠሁ። ትልቁን እንደ ልማዳቸው አኩርፈው ዋጡት። ሻይ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ፤ ከሰሜን ካናዳ። አንዲት አራስ ቤት ውሃ አልቋል፣ ቦቴው አልመጣም። ለመንደሩ ጽ/ቤት ደወልኩ። ተጨቃጨቅኩ። ከሰዓት ይደርሳል አሉ። አባባ ብርጭቋቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና የም/ቤት አባል ማለት ውሃ አስመጪ ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኳቸው። አልሳቁም።

እውነቴን እኮ ነው ደብተሬ። ቶሮንቶ ሥራ ፈትቼ ስንከራተት አንድ ጓደኛዬ ሰሜን ታክሲ የሚነዳ ጠፍቷል አለኝ። አንድ ክረምት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ የሄድኩ ሰውዬ እዚያው ቀረሁ። ከታክሲ ወደ ውሃ ቦቴ። ምድሩ ከሥር በረዶ ነው፣ ቧንቧ የማይቀበርበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ውሃ በመኪና ነው ለየቤቱ የሚታደለው። በየጓሮው ቱቦ ስጎትት ሕዝቡን አወቅኩት፣ አወቀኝ። ቅሬታውን ሁሉ ለእኔ ያወራ ነበር። በመጨረሻ ሄደህ አንተው ተናገርልን ብለው መረጡኝ። መልሰውም መረጡኝ።

አሁን ሌላ ምርጫ ደረሰ። የእጩዎች ምዝገባ የሚመጣው ሳምንት አርብ ቀትር ላይ ይዘጋል። የሰፈሬ ሰዎች ተወዳደር እያሉ ነው። ችግሩ፣ ለአባባ ይህ የሥራ ዘመን ሲያልቅ ጠቅልዬ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ፣ እርስዎ ጋ እገባለሁ ብያቸዋለሁ። ያስገቡልኝ ግሪን ካርድም ወጥቷል። እህቴ ሐያት ቤዝመንቱን ቀለም አስቀብታ እየጠበቀችኝ ነው። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ምን ይይዝሃል ይላሉ አባባ። መወዳደር እንደምፈልግ ግን አያውቁም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ።

ማታ፦ አልነገርኩም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 27። ከመግሪብ በኋላ

ዛሬ ሊያሳብዱኝ ነበር።

ሦስት አዛውንት ሳይደውሉ ከች አሉ። የአባባ የመስጊድ ጓደኞች ናቸው። አንደኛው፣ ጋሽ ነስሩ፣ ከሌላ ከተማ፣ ከሴንቴኒያል ድረስ ነድተው የመጡ ናቸው፣ ከራቫት አስረው። ገና ከበሩ "ክቡር ሚኒስትር" ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዞር ብዬ አባባን አየሁ። አባባ ምንጣፉን ያያሉ።

ጉዳዩ ቪዛ ነው። የጋሽ ነስሩ የወንድም ልጅ ካናዳ መግባት ይፈልጋል፤ እኔ ከፈረምኩ አለቀ ተብለዋል። ቪዛ በእኔ እጅ እንደሌለ አስረዳሁ። ሚኒስትር እንዳልሆንኩ፣ ተራ አባል እንደሆንኩ። የየትኛው ፓርቲ አሉ። ፓርቲ የለም አልኩ። የእኛ ም/ቤት ያለ ፓርቲ ነው የሚሠራው፤ ሁላችንም በየግላችን ተመርጠን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ሚኒስትሮቹንም ከመካከላችን እኛው እንመርጣለን፣ ነገሩ እስኪጠራ እንነጋገራለን። ጋሽ ነስሩ ጓደኞቻቸውን አዩ። "ታዲያ የምትቃወሙት ማንን ነው?" አሉ። የተሳሳተውን፣ አልኩ። ይሄ ልጅ ሊረዳን አልፈለገም የሚል ፊት ይዘው ሻያቸውን ጨረሱ።

ሲሄዱ ጮህኩ። አባባ ላይ አይደለም። ሐያት ላይ፣ ኪችን ውስጥ፣ በሹክሹክታ። ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያሳቅቁኝ አልኳት። ሳህን እያጠበች ነው፣ ቀና እንኳ አላለችም።

"ጋሼ፣ መስጊድ ሽማግሌው ሁሉ በልጁ ተደግፎ ነው የሚገባው። እኔ አርብ አርብ ሥራ ነኝ። ልጅህ የታለ ሲሏቸው ምን ይበሉ? ሚኒስትር ነው ካሉ ያልመጣው ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሳህኑን ተቀብዬ ማድረቅ ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ም/ቤቱ ለምርጫ ከመበተኑ በፊት የኮሚቴያችን የመጨረሻ ስብሰባ። በቪዲዮ እንድካፈል ፈቅደውልኛል። ከላይ ኮት፣ ከታች ሽርጥ። የሐያት የምግብ ጠረጴዛ ላይ። አባባ ከካሜራው ውጪ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጺማቸውን አበጥረዋል፤ ማንም እንደማያያቸው እያወቁ።

ዛሬ ቃላቸውን የሚሰጡት እማማ ሜሪ ናቸው። እኔ ነኝ እማማ የምላቸው። የሐይቁ ዳር መንደር ሽማግሌ፣ የቦቴ ደንበኛዬ፤ ውሃ ቀድቼ ስጨርስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሰጡኝ። በራሳቸው ቋንቋ ነው የተናገሩት፤ እኛ ጋ ደንቡ ነው። አስተርጓሚ አለ፣ ሁሉም ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አባባ ይህን ሲያዩ ደነቃቸው። አሮጊቷ የማን ናቸው፣ ምን ይላሉ አሉኝ። ማይኩን ሚዩት አደረግኩና እየተከተልኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው።

የመንደራችን ክሊኒክ ነርስ አይነሳብን ነው የሚሉት። ባለቤቴ ሲታመም በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ወሰዱት። አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ሐኪሞቹም ደጎች ነበሩ፤ ግን ውሃ ሲጠይቅ እንኳ ቋንቋውን የሚሰማለት አልነበረም። እዚያው ሞተ። እኔ ቤቴ መሞት እፈልጋለሁ።

አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ። የአባባን አነቃነቅ አውቀዋለሁ፤ ይህ የዘመድ ቤት ለቅሶ ላይ የሚያደርጉት ነው።

ከዚያ እማማ ሜሪ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ። ጀማል ተመልሶ ይወዳደር፣ ያ ልጅ ጆሮ አለው፣ ይሰማል አሉ። መዝለል እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን እስከዚያ ድረስ ስተረጉም የመጣሁ ሰውዬ ይቺን አፌ ውስጥ ላስቀራት አልቻልኩም። አንድም ሳላስቀር ለአባባ ነገርኳቸው።

"ልትመለስ ነው?"

አልወሰንኩም አልኩ።

"ይሰማል አሉ?" አሉ አባባ ቀስ ብለው። "እውነታቸውን ነው።" ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። በሩን አልዘጉትም። ምናለ ወርውረው በዘጉት።

አርብ፣ ኦገስት 29

ከጁምዓ መልስ። መስጊድ ይዤያቸው ገባሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ። ጋሽ ነስሩ ከሩቅ ሰላም አሉኝ፣ ቀዝቀዝ ያለ። ሲያልቅ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው፣ ሞተር አስነሣሁ። አጥፋው አሉኝ። አጠፋሁ።

አባቴ እድሜ ልካቸውን መርካቶ ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። ዋጋ ሲጠሩ እንኳ ዓይን አይተው፣ ዞረው፣ ተዟዙረው ነው። ዛሬ አልዞሩም።

"ለሰው ሁሉ ጆሮ አለህ። እኔንም ስማኝ። ሐያት ገና ሳይነጋ ሌክውድ ሥራ ትሄዳለች። እኔ ከቴሌቪዥን ጋር እውላለሁ። ልቤ ስትንጠራወዝ ተነሥቼ የበሩን ቁልፍ እከፍተዋለሁ፤ ከወደቅኩ ሰው እንዳይቸገር ብዬ። እፈራለሁ ጀማል። አትሂድብኝ።"

አባባ እፈራለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እጃቸውን ሳምኩ። ፓርኪንጉ ባዶ እስኪሆን ተቀመጥን።

እሑድ፣ ኦገስት 31

እንቅልፍ አጣሁ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ደብተሬ፦ ያን ወንበር እወደዋለሁ። ክቡን እወደዋለሁ። ስልኬ ሲጮህ እየተማረርኩ አነሣለሁ እንጂ ባይጮህ ማን እንደምሆን አላውቅም። እዚህ ምን ልሆን ነው? ኡበር ነጂ? የአባቴ ልጅ?

እሑድ ከሰዓት

ቆርጬ ለእማማ ሜሪ ደወልኩ። አልወዳደርም አልኳቸው። አባቴን ነገርኳቸው፣ ስለ በሩም ቁልፍ ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አባትህ ጥርስ አላቸው ወይ አሉኝ። ጥቂት አልኩ። እንግዲያ የሰጠሁህን የደረቀ ዓሣ አለስልሰህ ስጣቸው አሉ። ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱም ሩቅ ማዕድን ማውጫ ናቸው፤ አትሂዱብኝ ማለት አፍረው እንደቀሩ ነገሩኝ። አባትህ ጎበዝ ናቸው አሉ።

ከዚያ ደግሞ አስተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው መወዳደር ከፈለገች መቆየቷን አወጡ። እኔን አክብራ ነው ዝም ያለችው። እኔ ያለእኔ መንደሩ የሚፈርስ መስሎኝ! ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ጋራዥ ገባሁና የልቤን አለቀስኩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ያውም ቋንቋቸውን ትናገራለች። ቀናሁባት። ደስም አለኝ።

ለአባባ ማታ ነገርኳቸው፣ ምዝገባው አርብ ቀትር ላይ እንደሚዘጋም ጭምር። እሺ ብቻ አሉ፣ ወደ ዜናቸው ዞሩ። ዜናው ግን ማስታወቂያ ላይ ነበር።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 5። ከጁምዓ በፊት

ከማለዳ ጀምሮ እጄ ስልኩ ላይ ነው። የእጩነት ቅጹን ፈርሜ ብልክ እስከ ቀትር ገና ይደርሳል። ሰዓት አያለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሐያት ሥራ ናት። ቤቱ አባባ እንዳሉት ጭር ይላል።

አባባ ጠሩኝ። ለጁምዓ ጥፍራቸውን መቁረጥ ይፈልጋሉ። የእጃቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ የእግራቸው ግን ጎንበስ ሲሉ ልባቸው ትደክማለች፣ ከመቼ ወዲህ እንደተዉት አልነገሩኝም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣሁ። እግራቸውን ዘፈዘፍኩ፣ ፎጣ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጥፍሩ ወፍሯል፣ አንዱ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ይህን እያመማቸው ነው መስጊድ ሲሄዱ የኖሩት። ቀስ ብዬ አወጣሁት። አመመኝ አላሉም እንጂ አሟቸዋል፣ ትከሻዬን ጨብጠዋል።

ጠባብ እግር ነው ያላቸው። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።

ከላይ ሆነው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

"አለፈ?" አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከቀትር ትንሽ አልፏል።

"አለፈ አባባ።"

ሌላኛውን እግራቸውን ዘረጉልኝ።