ወይዘሮ ኮሪን ላፍላም ያልተማሩባቸው ሁለት ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1957 የብርድ ወራት፣ በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርሞንት በረዶ የቲቦ ቤተሰብን የከብት ቤት ጣሪያ አፈረሰው። አሥራ አንድ ላሞች ሞቱ። የወተት መኪና ዘጠኝ ቀን አልመጣም፤ የታለበው ሁሉ በረዶው ላይ ተደፋ። በዚያው የካቲት ወይዘሮ ኮሪን ከአባታቸው ከአቶ አርማን ቲቦ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢርማ ተወለዱ። ሐኪሙ መንገድ ተዘግቶበት አልደረሰም፤ ያዋለደቻቸው ጎረቤት ናት።

በ1979 በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ቅዳሜና እሑድ በበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ላይ ይሠሩ ነበር። ሐኪም የመሆን ሐሳብ ያደረባቸው እዚያ ነው።

በ1988፣ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው፣ በሌላ ሙያ ተመርቀው ሕክምና መማር ለሚፈልጉ የሚሰጥ የሁለት ዓመት የሳይንስ መሰናዶ ፕሮግራም ተቀበላቸው። በዚያው ሚያዝያ የእናታቸው ግማሽ አካል ሽባ ሆነ። ኮሪን በወተት መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ መሐል ለመሐል መስመር አስምረው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ማዕድ ቤት መጡ። ይህን ጽሑፍ የጻፈው ያ ወንድም፣ ኤመሪ ቲቦ ነው።

በቀኝ በኩል፣ ያልተማሩትን ኬሚስትሪና ፊዚክስ እንደሚያሟሉ፣ መምህራኑ ለሕክምና ትምህርት ቤት እንደሚመሰክሩላቸው፣ አብረዋቸው የሚማሩትም እንደ እሳቸው ዘግይተው የተነሡ እንደሆኑ ጽፈዋል። በግራ በኩል፣ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ፤ አዲስ ዲግሪ የለውም፤ ከዚያም በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤት ላይቀበላቸው ይችላል። እናታቸውን በየትኛውም በኩል አልጻፉም።

ኤመሪ ላም ሲገዛ የቀረላትን የወተት ዘመን የሚቆጥር ሰው ነው። እኅቱንም እንደዚያው ቆጠረ።

«ሐኪም ስትሆኚ አርባ አለፈሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ልትታለቢ ነው?» አለ።

«እኔ ላም ነኝ እንዴ፣ ኤመሪ?»

«እማማንስ ማን ይይዛታል? እኔ ሃምሳ ከብት አለብኝ።»

ኮሪን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እናታቸውን ሁለት ዓመት አስታመው ቀበሩ። የትምህርቱ ቦታ አልጠበቃቸውም። እሳቸው ድጋሚ አላመለከቱም፤ ኤመሪም አመልክቺ አላለም።

በ1991 አቶ ሮላንድ ላፍላምን አግብተው፣ በ1993 ሴት ልጃቸውን ቴሳን ወለዱ። እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። በአምቡላንስም አራት ሕፃናት መንገድ ላይ አዋልደዋል። ባለቤታቸው በ2015 ቀደሟቸው።

በ2021 እጅና እግር የሚያዝል የነርቭ በሽታ ያዛቸው። በዚያው በጋ የደን ባለሙያ የነበረችውን ቴሳን ያው ዓይነት መሰናዶ ተቀበላት። እሷም ወረቀት ይዛ ወደ እናቷ ቤት መጣች፤ ኤመሪም እዚያ ነበር። በግራ በኩል አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ እማዬ።

ኮሪን ከወንበራቸው ሆነው ሳቁ። «በል እንጂ ኤመሪ፣ ይቺስ ስንት ዓመት ትታለባለች?»

«ዝም በይ አንቺ» አለ። ለቴሳም «ሂጂ። እናትሽን እኔ እይዛለሁ» አላት። በዚያው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ላሞች ሸጦ እኅቱ ቤት ገባ።

ወይዘሮ ኮሪን መጋቢት 9 ቀን 2024 በስድሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። የቴሳን የሕክምና ትምህርት ቤት የቅበላ ደብዳቤ በጥር ወር በገዛ ዓይናቸው አንብበዋል። ከኋላቸው ልጃቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

ሐኪም ባልደረሰበት ቤት የተወለዱትን ኮሪንን፣ ፈጣሪ ደጁን ከፍቶ ይቀበላቸው። ወንድማቸው የወሰደባቸውን ሁለት ዓመት ለልጃቸው መልሷል። ለእሳቸው ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ዘግይቷል።