ባለጠመኔው የሒሳብ ሹም

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ከከተማችን ድልድይ ማዶ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በትምህርታቸው እጅግ ጎበዝ እንደነበሩ እንዲጻፍ ታላቅ እህታቸው አደራ ብለውናል። ካርዳቸውን ግን እኛም አይተነዋል፤ ከሒሳብ በቀር ሌላው እንዲሁ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የሒሳብ አያያዝ ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በስፌት ክፍሉ ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ጋር እዚያው ተዋውቀው በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ።

በ1976 ዓ.ም. የስፌት ክፍሉ ከስሯል ተብሎ ሊዘጋ፣ እናታችንን ጨምሮ አርባ ሁለት ሴቶች ሊበተኑ ሆነ። አባታችን ነገሩ አልዋጥላቸው ስላለ መዝገቡን በብብታቸው፣ ጠመኔ በኪሳቸው ይዘው ፋብሪካውን ዞሩት። ዕቃ ሲያገለግል ዋጋው በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ይህ የእርጅና ወጪ ደግሞ ዕቃው በሚሠራበት ክፍል ሒሳብ መግባት አለበት። ስለዚህ በስፌት ማሽኑ ጎን «ማምረቻ»፣ በታይፕራይተሩ «አስተዳደር»፣ በጭነት መኪናው «ሽያጭ» ብለው ጻፉ። የሥራ አስኪያጁን ወንበር እንኳ አልማሩም፤ ሰውየው «አስተዳደር» ሱሪያቸው ላይ ታትሞ ስብሰባ ገቡ ይባላል። «ባለጠመኔው» የሚል ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው።

ዞረው ሲጨርሱ ጉዱ ፈላ። የጭነት መኪናውም የቢሮውም እርጅና ለስምንት ዓመት በስፌት ክፍሉ ጫንቃ ላይ ተጭኖ ኖሯል። የጫኑት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። የቀድሞው ሹም ያደረጉትን ሳይጠይቁ በየዓመቱ ሲገለብጡ ከርመዋል። ዋና ሒሳብ ሹም ሊሆኑ ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። በስብሰባው ተነሥተው፣ «ክፍሉ አልከሰረም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሹመቱ ቀረ። ለሚስቱ ብሎ ነው ተብለውም ታሙ። የስፌት ክፍሉ ግን አልተዘጋም።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ጠመኔው ግን ጡረታ አልወጣም። የወንድሜ ጊታር ጀርባ ላይ «ወጪው በራሱ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ለስምንት ወር በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ እንኳ የሆስፒታሉ አልጋ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ነርሷን ይጠይቁ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩን። አባዬ፣ ቤቱ ጭር ብሎብናል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ እኔ የመጨረሻ ልጃቸው፣ የስፌት ክፍሉን ሴቶች «ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች» ከሚለው ሥር አስገብቻቸው ነበር። እናታችን አንብበው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና፣ «ቦታቸው እዚያ አይደለም፤ ከቤተሰቡ አስገቢያቸው» አሉኝ።

እናም አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዛሬ ከፊት የተቀመጡትን አሥራ ዘጠኝ የስፌት ክፍል እህቶቻቸውንም ትተው ሄደዋል። ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለዚህ ሁሉ ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥልን።