ስለ ሟቹ ማርተን የእግር ኮቴ ለውኃ ቦርዱ ሰብሳቢ

ለክቡር ሰብሳቢ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ ባልተሰነጠቁ ግድግዳዎች መካከል እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሸራ ሰፊዎች መንገድ የጀልባ ገመድና ቀለም የምሸጥ ሬንደርት ኮይማን ነኝ። የሱቄን ውሎ በየቀኑ ስለምመዘግብ፣ የሚከተለውን የቀዳሁት ከማስታወሻዬ እንጂ ከንዴቴ አይደለም።

አንደኛ፣ ከከተማው ውጭ በመስኩ የሚግጡት ላሞች እግር እንዳይረጥብ በማሰብ የቦዩን ውኃ አርባ ሳንቲሜትር ዝቅ ስላደረጋችሁልን እናመሰግናለን። ከመሬት ሥር ሆነው ቤቶቻችንን መቶ ዓመት የተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ አይበሰብሱም፤ አሁን ግን አናታቸው አየር አግኝቷል። በመጋቢት የሱቄ በር ወለሉን መፋቅ ጀመረ። በሰኔ ከመስኮቱ ሥር፣ በጡቦቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩ፤ በነሐሴ ስንጥቁ ጽሑፌን አልፎ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ “ቤታችሁ አርጅቷል፣ ተቋራጭ ጥሩ” ስላላችሁን ሦስት ጠራሁ። የመጀመሪያው ስንጥቁን በልስን ሊደፍን ተጣደፈ። ሁለተኛው ቤቱን ሳያይ በስልክ ዋጋ ነገረኝ። ሦስተኛዋ ሄስተር ቦን ግን ግድግዳው ሥር አስቆፍራ ወረደች፤ ቢላዋዋንም ምሰሶው ውስጥ እስከ እጀታው ሰካችው። “አየኸው? ቅቤ ሆኗል” አለችኝ። “የጋራ ግድግዳችሁን የተሸከመው ደግሞ ይኸው ነው። ያንተን ብቻ ባነሣ የጎረቤትህን የሴትየዋን ቤት እሰብረዋለሁ። ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አልነካውም፤ የብርዱን ወራት የሚያልፍም አይመስለኝም።” ቀድሞ የሠራቻቸውን አራት ቤቶች ሄጄ በሮቻቸውን ከፍቼ ዘጋሁ፤ አንዱም ወለል አልፋቀም። መረጥኳት።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ትሬይንቸ ፕራንገር ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባለቤታቸው ማርተን ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘንድሮ ወደ ማምሻው ላይ የፎቁ ወለል ከደረጃው እስከ መስኮቱ በተራ ይንቋቋል፤ ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ብቻውን ይከፈታል። መርማሪዎ መጥቶ “ድምፁ ከውኃውም ሆነ ከመሠረቱ ጋር ግንኙነት የለውም” የሚል ወረቀት በማኅተም ሰጣቸው። እሳቸውም አመኑት፤ ከመሠረቱ ካልሆነ ከማርተን ነው አሉ።

ውሉን ይዤ ብሄድ ሳቁብኝ። “አንተ ጎረቤት፣ አርፈህ ገመድህን ሽጥ! ቦርዱ የጻፈውን አንተ ልትሽረው ነው? ስንት ዓመት ጠብቄው ገና መምጣቱ እኮ ነው፤ ሥሩን ቆፍራችሁ ልታስደነግጡት? አልፈርምም።”

አንድ ምሽት አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ድምፁን ሰማሁት። ምሰሶው መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ማርተን በሕይወት ሳሉ እንደሚያደርጉት አንዱን እግር ረገጥ፣ አንዱን ሳብ እያደረገ ነበር። በሩ ሲከፈት ሳላስበው ከወንበሩ ተነሣሁ፤ የማርተን ወንበር ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ድምፁ የበሰበሰው ምሰሶ መሆኑን አንድ መስመር ጽፈው በማኅተም ይላኩላቸው። እኔማ ነግሬያቸዋለሁ፤ ባላቸውን ሁለተኛ ሊቀብር የመጣን ጎረቤት ግን ማን ይሰማል? ሙት ማስነሣት የተሳካለት መሥሪያ ቤት ቀብሩንም ራሱ ቢያስፈጽም ይገባዋል። ካልሆነ ግድግዳው የሚወድቀው በሴትየዋ አልጋ ላይ ነው።

ለጥበብዎ ዝቅ ብዬ፣ ከቤቴም ጋር በየወሩ ሦስት ሚሊሜትር ይበልጥ ዝቅ እያልኩ እጅ የምነሣ፣

ሬንደርት ኮይማን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለወይዘሮ ትሬይንቸ የዓመቱ የውኃ ግብር ማስታወቂያችሁ ደርሷቸዋል፤ “ብቸኛ ነዋሪ” ይላል። መርማሪዎ ባተመው ወረቀት ከሄድን ግን እዚያ ቤት የሚራመድ ሌላ ሰው አለ። ከሁለቱ ማኅተሞችዎ የትኛውን እንመን?